የሰብለን ፊት ለአንባቢው ተውለት

ልጄ፣ «ፍቅር እስከ መቃብር» በሥዕል ተደግፎ እንደ አዲስ ሊታተም ነው፣ ሥዕሉን ሥራ የተባልሁትም እኔ ነኝ ብለህ ስትነግረኝ መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ቀጥሎ ፈራሁልህ። ጊንጪ ተወልዶ በደንዲ ተራራ ሥር ከብት ሲጠብቅ ያደገ ልጅ ለዚህ ሥራ ሲታጭ ካላኮራኝ ምን ያኮራኛል? ፍርሃቴን ግን ቁጭ ብለህ ስማኝ። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ይባላል። ሙያው ያንተ ነው፤ እርሳስ እንዴት እንደሚያዝ አልነግርህም። እኔ የምነግርህ ስለ መጽሐፉና ስለ አንባቢው ነው፤ ሁለቱን በማስተማር ስላረጀሁባቸው አውቃቸዋለሁ።

ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን ልብ ወለድ በ1958 ዓ.ም. አሳተሙት። ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ታትሟል፤ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሟል፤ በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማም ሆኗል። አገሩን ሁሉ ያዳረሰው ግን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው ጊዜ ነው። ሬዲዮ ያለው ቤት ጥቂት ነበርና ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ቡና አፍልቶ ያዳምጥ ነበር። በእኛ ሰፈር ቤቱ ውስጥ በኦሮምኛ የሚያወራው፣ የጎጃሟ ማንኩሳ በየት በኩል እንደሆነች የማያውቀው፣ ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ በመጽሐፉ ውስጥ ላለው ለበዛብህ አለቀሰ። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም። ያን ጊዜ እያንዳንዱ አድማጭ የበዛብህን ፍቅረኛ፣ የራሱን ሰብለ ወንጌል፣ በልቡ ሣለ። የአንዱ ሰብለ የእኅቱን ዓይን ይዛለች። የሌላው ሰብለ በወጣትነቱ ፈልጎ ያጣትን ልጅ ትመስላለች። አንዲት ባልቴት አውቃለሁ፤ ሰብለ ማለት እርሷ ራሷ ናት፣ ያለ ፈቃዷ ከመዳሯ በፊት የነበረችው።

አንተ ዛሬ አንዲት ሰብለ ሥለህ ገጹ ላይ ብታስቀምጥ እነዚያን ሁሉ ሰብለዎች ከየልቡ ታፈናቅላቸዋለህ። ድራማው በተዋናዮች ፊት ጀምሮታል፤ እርሱ የራሱ ጥበብ ነው፣ ያለ ፊት አይሠራም። መጽሐፍ ግን ያለ ፊት መኖር ይችላል። ስለዚህ ምክሬን ከፊት ላስቀምጠው፦ የሰብለንና የበዛብህን ፊት አትሣል። የኖሩበትን ዓለም ግን እስከ መጨረሻዋ ክር ድረስ ሣለው።

አሳታሚው ይህን ሲሰማ ቅር ሊለው ይችላል። ቆንጆ ሴት ያልወጣችበት ሽፋን አይሸጥም ይልህ ይሆናል። ፍራንዝ ካፍካ የሚባለውን የፕራግ ደራሲ ነገር ንገረው። ሰውዬው አንድ ሠራተኛ ጠዋት ሲነቃ ራሱን ትልቅ ተባይ ሆኖ ያገኘበትን ታሪክ ጽፎ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1915 ሊታተም ሲል ሠዓሊው ተባዩን እንዳይሥለው ፈራ። ለአሳታሚው ደብዳቤ ጻፈና ተባዩ ራሱ እንዳይሣል፣ ከሩቅም እንኳ እንዳይታይ ለመነ። የሠራተኛው ወላጆች ቢሣሉ፣ በር ቢሣል ግን ደስ እንደሚለው ነገራቸው። ሽፋኑ ላይ የወጣው ፊቱን በእጆቹ የሸፈነ ሰውና ከኋላው ወደ ጨለማ የተከፈተ በር ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ ዛሬም አንባቢው ያንን ተባይ በራሱ ልብ ይፈጥረዋል። ዝም አይነቅዝም ያሉት አባቶቻችን ለምላስ ብለው ቢሆንም ለብሩሽም ይሆናል።

በተቃራኒው ደግሞ ጉስታቭ ዶሬ የሚባለውን ፈረንሳዊ ተመልከት። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1863 የሰርቫንቴስን «ዶን ኪኾቴ» ሣለ፤ መጽሐፉ ያን ጊዜ ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ሥዕሎቹ እጅግ ያምራሉ፤ እኔም አይቼ አልጠገብኋቸውም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ያ ቀጭን ሽማግሌ ፈረሰኛ ከዶሬ እጅ ወጥቶ አያውቅም። ዶሬ የሣለው ሰውዬ ዘመን ያራራቀው፣ ብዙ አንባቢ በቅርብ የማያውቀው ነበርና እንዲህ ማድረጉ መልካም ሊሆን ይችላል። ሰብለ ግን ገና ሞቅ እንዳለች ናት፤ ያለቀሱላት ሰዎች በሕይወት አሉ።

ታዲያ ፊት ሳይሣል እንዴት ይሆናል ትለኝ እንደሆነ መልሱ በራሱ በመጽሐፉ ውስጥ አለ። በዛብህ ለፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ለሰብለ ማንበብና መጻፍ ሊያስተምር ይገባል። የዚያን ጊዜ ሁለት እጅ ብቻ ሣል፤ አንዱ ጣት ፊደሉ ላይ ያረፈ፣ ሌላው ጣት ከርሱ በጥቂት ርቀት የቆመ። መሐላቸው ያለው ባዶ ቦታ ፊት ከሚናገረው የበለጠ ይናገራል። ሰብለ ከአባቷ ቤት ጠፍታ በዛብህን ፍለጋ ስትወጣ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ነው። ተመልከት፣ ደራሲው ራሳቸው ፊቷን ሸፍነው ሰጥተውሃል! ቆብ፣ መቋሚያ፣ አቧራ የቃመ የልብስ ጫፍ፣ ለመንገድ ያልተፈጠረ የወይዘሮ እግር፤ ይህን ከጀርባ ብትሥለው አንባቢው ፊቷን ከፊት ለፊት ያየዋል።

የሌሎቹን ፊት ግን አትከልክል። ውድነሽ በጣሙን ሣል፤ ባሎቿ እየሞቱባት ገፊ የተባለች፣ ሰው የሸሻት ሴት ፊት ብዙ ይናገራል። ቦጋለ መብራቱን ሣል፤ ሎሌ ሆኖ ገብቶ ባል የሆነ፣ ዕድሜው የገፋ፣ መሬት የሠራው ሰው ነው። ሕፃኑ ታምሞባቸው ለቤተ ክርስቲያን ሲሳሉት ሁለቱንም ሣላቸው። ያ ስእለት የመጽሐፉ ቋጠሮ ነው፤ በዛብህ ኋላ ላይ ሰብለን ሲወድ ፍቅሩን የሚያስረው ወላጆቹ ያኔ የገቡት ቃል ነው። ሁለት ምስኪን ሰዎች ልጃቸው እንዲኖርላቸው ሲለምኑ ሳያውቁት ሕይወቱን ሲያስሩበት የሚያሳይ አንድ ሥዕል ብቻ ቢኖርህ ሥራህ ግማሹ ተሠርቷል እላለሁ።

አሁን በጣም ወደምጠነቀቅበት ነገር ልምጣ። በአገራችን መጽሐፍን በሥዕል ማስጌጥ ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም። የአባ ገሪማ ወንጌል በዓለም ካሉት ሥዕል ያለባቸው የብራና ወንጌሎች እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት አንዱ ነው። ጸሐፊው ብራናውን በወስፌ አስምሮ፣ ጥቁሩን በጥቁር ቀይ የሚገባውን በቀይ ጽፎ፣ ለሠዓሊው ቦታ ይተውለት ነበር። ሠዓሊው ተራውን ሲጠብቅ ቆይቶ በተተወለት ቦታ ላይ ብቻ ይሠራል። እኔ የሥዕላዊ መጽሐፍ ምግባር ከዚህ ይጀምራል ብዬ አምናለሁ፤ ደራሲው ያልተወልህን ቦታ አትውሰድ።

እነዚያ አባቶች ደግሞ አንድ ሕግ ነበራቸው። ጻድቁን በሁለት ዓይኑ፣ ፊት ለፊት ይሥሉታል፤ ክፉውን፣ ሰይጣኑን፣ ይሁዳን፣ የተሸነፈውን ጠላት ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ይህ ሕግ ጥሩ ሕግ ነው፤ ያልተማረው ሰው ማን ማን እንደሆነ በአንድ እይታ ይለያል። በሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ ውስጥ ግን ይህን ሕግ ብታስገባ መጽሐፉን ታበላሸዋለህ። ፊታውራሪ መሸሻን በአንድ ዓይን እንዳትሥላቸው! አውቃለሁ፣ እጅህ ይሮጣል። በባላገሩ ላይ አዲስ ግብር የጫኑ፣ እምቢ ሲላቸው ሊወጉት የዘመቱ፣ በዘራቸው የሚመኩ ሰው ናቸውና ከንፈራቸውን ጠምዘዝ፣ ቅንድባቸውን ከሰል ማድረግ ቀላል ነው። ነገር ግን ደራሲው ጭራቅ አልጻፉም። ከአባቱ የወረሰውን ክብር ጠባቂ ነኝ ብሎ የሚያምን፣ ያ ክብር ራሱን እንዳሰረው የማያይ ሰው ጻፉ። ባላገሩ ሲማርካቸው የሚደርስባቸው ውርደት የሚያስቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ መጽሐፉ ይህን ያህል ዘመን አይኖርም ነበር፤ ያስቃል፣ ወዲያው ደግሞ ያሳዝናል። ሁለት ዓይን ስጣቸው። የሚፈሩ ዓይኖች ስጣቸው።

ካሳ ዳምጤንም እንዲሁ። አገሬው እብድ ያለውን ሰው አንተም ጸጉሩን አንጨባርረህ፣ ዓይኑን አፍጥጠህ ብትሥለው ከአገሬው ጋር ተባብረህ ፈረድህበት ማለት ነው። እርሱ በፊታውራሪው ቤት ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ልቡ የረጋ ሰው ነው፤ ያየውን የሚናገር ሰው ነው። በተረጋጋ ፊት ሣለው፤ ያበዱትን ሰዎች በዙሪያው አስቀምጣቸው። ይህን ብቻ ብታደርግ ከአንተ በፊት መጽሐፉን አሥር ጊዜ ያነበበ ሰው ሥዕልህን አይቶ ድንገት ያልገባው ነገር ይገባዋል።

አሁን ደግሞ ወደ አገርህ። ደንዲን ስለምትወድ እጅህ ሳታዝዘው ደንዲን ይሥላል። ጎጆ ሣል ሲሉህ የደንዲ ተራራ ገበሬን ጎጆ ትሥላለህ፤ ከጓሮው እንሰት ይበቅልበታል። ማንኩሳ ላይ ግን እንሰት ቢታይ የጎጃም ሽማግሌ ገጹን እዚያው ያጥፈዋል፤ ከዚያ በኋላ ሌላውን አያምንህም። አዋሽ ከእኛ ደጋ ይነሣል፤ ሕፃን ሆነህ ተሻግረኸዋል፤ ወንዝ ማለት ያ ይመስልሃል። ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል። ከጎጃም ወደ ሸዋ የሚመጣ መንገደኛ ከደጀን በታች ወደ ዓባይ ገደል ሲወርድ ጉልበቱ ምን እንደሚል፣ በረሃው ከደጋው ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ በዓይንህ ሳታይ በዛብህን ወደ አዲስ አበባ አታሰድደው።

ስለዚህ ሂድ። መንገዱ ሰላም ሲሆን ሂድ፤ ለሥዕል ብሎ ሕይወቱን የሚሰጥ ልጅ አልፈልግም። ከአዲስ አበባ በፍቼና በጎሐ ጽዮን አድርገህ ዓባይን ተሻግረህ ደብረ ማርቆስ ትደርሳለህ፤ ከዚያ በፍኖተ ሰላም መንገድ ማንኩሳ። በዛብህ የተማረበት ዲማ ጊዮርጊስ ደግሞ በወዲያኛው በኩል፣ በቢቸና ወገን ነው። ሁለቱን በአንድ ጉዞ እጨርሳለሁ ብለህ አትሩጥ፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። መንገዱ ካልተመቸህ አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ፣ ቀድሞ የንጉሡ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረው ግቢ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ። ልብሱን፣ ዕቃውን፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሉን እዚያ ታያለህ። ወመዘክር ገብተህ የዚያን ዘመን ፎቶግራፍ ጠይቅ። አዲስ አበባ ውስጥ የጎጃም አዛውንትም ሞልተዋል፤ ቡና ይዘህ ሂድና ጠይቃቸው።

ከአንተ አገር ጋር አንድ የሆነውን ደግሞ ከቤትህ ውሰድ። ሞፈሩ፣ ቀንበሩ፣ ድግሩ፣ እርፉ፣ ማረሻው እዚህም እዚያም አንድ ነው። የእኛ የጊንጪ መሬት በክረምት ጭቃው ጫማ ይበላል፣ በበጋ ደግሞ እየተሰነጠቀ አፉን ይከፍታል፤ በዚያ ላይ በሬ ሲጠምዱ አይተህ አድገሃል። ቦጋለ መብራቱን ለመሣል ከአባትህ የተሻለ ሞዴል አታገኝም፤ እርፉን የጨበጠበትን እጅ፣ ጅራፉን ያነሣበትን ትከሻ፣ ማታ ሲመለስ ወገቡን የሚይዝበትን ሁኔታ። ይህንን የአዲስ አበባ ልጅ አያውቀውም፤ አንተ ታውቀዋለህ። ለዚህም ነው አንተን መምረጣቸው ትክክል ነው የምለው።

የቆሎ ተማሪውን ነገር አደራ። የዛሬ ልጆች አያውቁትም። በዛብህ ዲማ ሲማር ደበሎ ለብሷል፤ የበግ ለምድ ነው። በጎኑ አኩፋዳ አንጠልጥሏል፤ የለመነውን ቁራሽ የሚያስገባበት። በእጁ በትር አለ፤ የመንደሩ ውሻ ይህን ተማሪ ይወደዋል ብለህ እንዳታስብ። የሚያድርባት ጎጆ ጠባብ ናት። ቅኔ ሲቆጥር መምህሩ ከመካከል፣ ተማሪው ዙሪያውን ነው። ማታ በጨረቃ ያጠናል። እነዚህን አንድ በአንድ በትክክል ከሣልህ፣ በዛብህ ከዚያ ጎጆ ወጥቶ የፊታውራሪ ግቢ ሲገባ የሚያልፈው ርቀት ለአንባቢው ይታየዋል። ያ ርቀት ነው ፍቅራቸውን መቃብር ያደረሰው። የኔ ቢጤ ሽማግሌ ያለ ሥዕልም ያየዋል፤ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ግን ደበሎ ምን እንደሆነ ካላወቀ መጽሐፉ ግማሹ ያመልጠዋል። ሥዕልህ የተፈለገው ለዚያ ልጅ ነው።

ሌላም ነገር አለ። መሣሪያ ስትሥል የዘመኑን ሣል፤ ክላሽንኮቭ የያዘ የፊታውራሪ አሽከር እንዳላይ። የበርኖሱን አወራረድ፣ የሹሩባውን አሠራር፣ የጥለቱን ስፋት ጠይቅ። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ ቅኔ ማኅሌቱን፣ ቅድስቱን፣ መቅደሱን የሚያውቅ ካህን ንድፍህን ይመልከትልህ። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ ይባላል። ኮምፒውተሩን አዝዤ በአንድ ቀን ላውጣው የሚል ጓደኛ ቢመጣብህ አትስማው፤ ያ ማሽን ማንኩሳን አልረገጠም፣ ደበሎ አልለበሰም፣ የሚሰጥህም የሌላ ሰው አገር ነው። አንተ የማታውቀውን ነገር እርሱ ሲሳሳት ማን ያርመዋል?

ስንት ሥዕል ይበቃል ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ቁጥር አልሰጥህም፤ ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት። መጽሐፉ ትልቅ ነው፣ ትዕይንቱ ብዙ ነው፤ ያማረህን ሁሉ ከሣልህ አንባቢው ከገጽ ወደ ገጽ ሥዕል ሲያድን ዐረፍተ ነገሩን ይዘለዋል። ሰው ጮኾ የሚያለቅስበትን ገጽ ተወው፤ እዚያ ቃሉ ይበቃል። በዛብህ የሚሞትበትን አትሣል። ይህን ቦታ ሁሉም ሠዓሊ ይመኘዋል፤ እኔ ግን እለምንሃለሁ፣ አትንካው። ይልቅ ከዚያ በፊት ያለውን፣ ነገሩ ገና ያልታወቀበትን፣ ሰው ተስፋ ያደረገበትን ጊዜ ፈልግ። ባላገሩ ግቢው ደጃፍ ላይ ግብር ይዞ የቆመበት፣ ፊታውራሪው ለዘመቻ ሲነሡ ግቢው የሚታመስበት፣ ሰብለ ለመጥፋት የምትነሣበት ሌሊት። ሥዕሉ ከቃሉ ቀድሞ መርዶ እንዳይነግር ደግሞ የት ገጽ እንደሚውል አንተው ተቆጣጠር፤ ለሌይአውት ሠራተኛው ትቼዋለሁ አትበል።

ስለ ማተሚያ ቤቱ በአጭሩ። የእኛ አገር ልብ ወለድ ብዙ ጊዜ በስስ ወረቀት ይታተማል፤ የኋላው ገጽ ፊደል ወደፊት ይታያል። በውሃ ቀለም አስመስለህ ቀስ በቀስ ያደበዘዝኸው ግራጫ እዚያ ወረቀት ላይ ጭቃ ይሆናል። በብዕርና በጥቁር ቀለም፣ ጥርት ባለ መስመር ሥራ፤ ነጩን አትፍራው። የሙከራ ኅትመቱን ሳታይ ይታተም አትበል። ጆን ቴኒየል የሚባለው እንግሊዛዊ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1865 የሌዊስ ካሮልን የአሊስ መጽሐፍ ሥሎ ሲታተም የሥዕሎቹ አወጣጥ አላረካውም፤ ቅር መሰኘቱን ለደራሲው ነገረው፤ ደራሲውም 2,000 ቅጂ የታተመውን የመጀመሪያ እትም አስመለሰው። ያ ኪሳራ ነበር። ዛሬ ግን ያ መጽሐፍ ያለ ቴኒየል ሥዕል አይታሰብም። አንተ እንደ እርሱ ለማስመለስ አቅም አይኖርህ ይሆናል፤ ከመታተሙ በፊት ለማየት ግን መብት አለህ፣ ይህንንም ጠይቅ።

አንዳንድ ሰው ደግሞ ይመጣብሃል። የጎጃምን መጽሐፍ የደንዲ ልጅ ምን አግብቶት ይሥለዋል ይልሃል። ከወዲህም የሚልህ አለ፤ የሰው ታሪክ ከምታስጌጥ የራስህን አታስጌጥም ወይ ይልሃል። ለሁለቱም ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ጥቀስ። ከዚሁ ከእኛ፣ ከአምቦ አጠገብ ከቦዳ የበቀለ ልጅ ነው። ሐምሌትንና ኦቴሎን በአማርኛ ሲያናግራቸው ከዴንማርክ ልዑል ምን አገናኘህ ያለው ሰው ነበር? ማንም ያለው ቢኖር እርሱ አልሰማም። የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስም ጣሊያን አገር የሄዱት ሥዕል ሊማሩ ነበር። ብሩሽና ብዕር በእኛ ልብ ወለድ መጀመሪያ ላይ በአንድ ሰው እጅ ነበሩ። ይህን ይዘህ ሥራህን ሥራ፤ ክርክሩን ለእኛ ለሽማግሌዎቹ ተውልን። ይህን መጽሐፍ አክብረህ ከሠራህ ደግሞ ነገ በኦሮምኛ የተጻፉትን ልብ ወለዶች ሣልልን ብለው የሚመጡት ብዙ ናቸው፤ እነርሱም እንዳንተ ያለ እጅ ይሻሉ።

የቀረኝ የገንዘቡና የወረቀቱ ነገር ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲ መብት ዕድሜ ልኩን፣ ካረፈ በኋላም ሃምሳ ዓመት ይጠበቃል ይላል። እንግዲህ ይህ መጽሐፍ ገና ባለቤት አለው። አሳታሚው ከወራሾቹ የተጻፈ ፈቃድ እንዳለው ጠይቅ፣ አሳዩኝም በል። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ያለ ፈቃድ በታተመ መጽሐፍ ላይ ስምህ ቢገኝ ግን ነውሩ ለአንተ ይተርፋል።

ለራስህም እወቅበት። ባለቤቱ ያላከበረውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም። የሠዓሊ ስም በመጽሐፉ ውስጠኛ ገጽ ላይ ከደራሲው ስም ሥር ይጻፍ፤ መጨረሻ ገጽ ላይ በደቃቅ ፊደል እንዳይጥሉት። ኦርጅናሉ የማን እንደሚሆን፣ ሁለተኛ ጊዜ ሲታተም ምን እንደሚከፈልህ፣ ሥዕሉን ለፖስተርና ለማስታወቂያ ሊያውሉት እንደሚችሉ ወይም እንደማይችሉ፣ ክፍያው በስንት ጊዜ እንደሚፈጸም ሁሉም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን። የሚያፍሩብህ ቢመስልህም ጠይቅ። የንድፍህን የመጀመሪያ ገጾች ስትጨርስ ወደ ጊንጪ ይዘሃቸው ና፤ ጠዋት ጠዋት ዓይኔ ደኅና ያያልና በጠዋት ና። ውሉንም አብረህ አምጣው፤ ከመፈረምህ በፊት ቁጭ ብለን አንድ በአንድ እናነበዋለን።